ከማድ ቤቱ በር የማትነሳው ሴት

በስምንት ዓመቴ የማላውቀው ነገር አልነበረም። ዛሬ ስንት ትምህርት ቤት ተመላልሼ ግማሹን እንኳ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን በሰፈሩ ማን ማንን እንደሚወድ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የትኛዋ ጎረቤት ስትስቅ ከልቧ እንዳልሆነ፣ ሁሉም በእጄ ነበር። ከሁሉም በላይ እርግጠኛ የነበርኩት ግን በአንድ ነገር ነው። አብራን የምትኖረው የአባቴ እናት እናቴን ልታጠፋ ቆርጣ ተነስታለች።

እዚህ ላይ የደረስኩት እንዲሁ በግምት አይደለም። ማስረጃ ነበረኝ።

አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስልክ አገናኝ ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ነበረች። በእሷ ጊዜ ሰው ከከተማ ከተማ ለመነጋገር በእሷ እጅ ማለፍ ነበረበት። ድምፅዋ ከዚያ ሥራ ጡረታ አልወጣም። አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው ጨው አቀብለኝ ስትል ተራራ ማዶ ላለ ሰው የምትናገር ይመስል ነበር። እናቴ ደግሞ ድምፅ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። በአንድ ኬክ ቤት ጋጋሪ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ከሊጥ ጋር ስለምትውል ይሁን አላውቅም፣ እሷም ዝም ብላ የምትታሽ ትመስለኝ ነበር። አንዷ ትጮሃለች፣ አንዷ ዝም ትላለች። ማን በዳይ፣ ማን ተበዳይ እንደሆነ ለመፍረድ ዳኛ መሆን አያስፈልግም። እኔ ግን ለክፉም ለደጉም ዳኛ ሆንኩ።

ጦርነቱ የተጀመረው ከጉንፋኑ በኋላ ነው። በዚያ ክረምት ቤታችን ውስጥ ያልተኛ ሰው አልነበረም። አባቴ ገና ትኩሳቱ ሲጀምረው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሊሰናበተን ፈልጎ ነበር፤ ደግነቱ ሾርባ ሲመጣለት ሐሳቡን ለወጠ። እናቴ ከሁላችን በኋላ ታማ ከሁላችን በፊት ተነሳች። ሾርባውን የሚሠራ ሰው ያስፈልግ ነበራ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ሳላወርድ አያቴ በኮሪደሩ ስትሮጥ አየኋት። አያቴ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ምን ጉድ ነው ብዬ ተከተልኳት። እናቴ ምድጃው ፊት ቆማለች። ወተት ጥዳለች፣ ክብሪት ይዛ ልትጭር ነው። አያቴ እጇን በጥፊ ስትመታው ክብሪቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ጎንበስ ብላ ሲሊንደሩን ዘጋች፣ መስኮቱን በረገደችው፣ ከዚያ ዞራ በዚያ ድምፅዋ፣

"ልታቃጥዪን ነው እንዴ? አንቺ ሴት፣ አፍንጫ የለሽም?" አለቻት።

እናቴ የተመታ እጇን በሌላው እጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣

"የለኝም" አለች።

እንዲህ ያለ ስድብ ተሰድባ "አዎ" ብላ የምትቀበል እናት ማየት ለልጅ ቀላል ነገር አይደለም። እውነት ለመናገር እኔንም አንድ የሚከረፋ ነገር ሸቶኝ ነበር፤ የአያቴ ክፋት መስሎኝ ዝም አልኩ።

በሩን ዘጉብኝ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። የእናቴ ሹክሹክታ አይሰማም፤ የአያቴ ሹክሹክታ ግን ጎረቤትም ይደርሳል።

"ከመቼ ጀምሮ?... ምንም? ሽንኩርትም?... የኬክ ቤትሽ ሴትዮ ካወቀች አንድ ቀን አታሳድርሽም። ለልጄ እንዳትነግሪው! ለእሱ መንገር በድምፅ ማጉያ መናገር ነው... እሱን ለእኔ ተዪው። ከዛሬ ጀምሮ ያለ እኔ ምድጃ አታበሪም፣ በቃ!"

ነገሩን ለመገጣጠም ብዙ አልፈጀብኝም። እናቴ አንድ ምስጢራዊ ጥፋት አጥፍታለች፤ አያቴ ይህን ይዛ ታስፈራራታለች፤ ለአባቴ እንዳትናገርም አፏን ዘግታባታለች። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ግን አልደረስኩበትም። ከሽንኩርት ጋር የተያያዘ መሆኑን ብቻ ነው ያወቅሁት።

ዛሬ የማውቀው ይህን ነው። እናቴ ለተጠየቀችው ጥያቄ ቀጥተኛውን መልስ ነበር የሰጠችው። ጉንፋኑ ሁላችንን ለቆ ሲሄድ የእሷን ማሽተት ይዞባት ሄዷል። የተበላሸ ቅቤ ከጥሩው፣ ጋዝ ከንጹሕ አየር አትለይም ነበር። ምላስ ያለ አፍንጫ ጣፋጭና ጨው ከመለየት አያልፍምና መቅመሱም አብሮ ሄዷል። በሌላ ሙያ ቢሆን ይኼ ጉዳት እንጂ ውድቀት አይደለም። አባቴ ቀያሽ ነው፤ የሰው መሬት ሲለካ ይውላል፤ እሱ አፍንጫው ቢጠፋበት ዓመት ሙሉ ሳያውቅ ሊኖር ይችላል። ጋጋሪ ግን አፍንጫዋን ካጣች ምን ቀራት?

በማግስቱ አያቴ ሳሎን የነበረ ወንበሯን አንስታ ማድ ቤቱ በር ላይ ተከለችው። ያንን ወንበር ለመንቀል ዓመታት ፈጀ። እናቴ ሽንኩርት ስታቁላላ፣ "አሁን ጨምሪ!" ትላለች። ወተት ስትጥድ፣ "አውጪው!" ትላለች። እናቴም ያለ አንዳች ቃል ትታዘዛለች። ከደጅ ልጆች ጋር ስንጫወት ስለ ባርነት የሰማሁትን ሁሉ በዓይኔ እያየሁት ነበር።

ይህ ሁሉ ሳያንስ ደግሞ የኬክ ቤቱ ነገር መጣ።

የኬክ ቤቱን ባለቤት ሰው ሁሉ "እትዬ ቅምሻ" ይላቸዋል። የሚገባውንም የሚወጣውንም ካልቀመሱ አያሳልፉም። ደንበኛ ቆርሶ ያስቀመጠውን ኬክ ሳይቀር ቀምሰው ያውቃሉ የሚል ሐሜት ነበር። ቤታቸውን ያስጠራው አንድ ትንሽ ክብ ዳቦ ነው፤ ውስጡ ዘቢብ፣ ቀረፋ፣ ሄልና ቅርንፉድ ያለበት፣ ላዩ በስኳርና በብርቱካን ጭማቂ የተቀባ። እሱን የሚጋግረው ዋናው ጋጋሪ ነበር። ይኼ ሰው በአንድ ጊዜ ሥራውን ለቆ፣ አሠራሩን በጭንቅላቱ ይዞ፣ መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊት የራሱን ኬክ ቤት ከፈተ። እትዬ ቅምሻ በመስኮት እያዩት ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሱም ይባላል። ለእሳቸው ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ጋጋሪዎቻቸውን ሰብስበው፣ "ያንን ከሃዲ የሚያሳፍር ዳቦ የሠራ ዋና ጋጋሪ ይሆናል። የሚሠራውም በየቤቱ ነው፤ እኔ ራሴ መጥቼ ቆሜ አያለሁ" አሉ። ከሱቅ ገዝቶ የሚያቀርብ እንዳይኖር ነው። ከእናቴ ጋር የሚወዳደረው አንድ ረጅም ሰውዬ ነበር፤ "እኔ ውጭ አገር ስሠራ" ሳይል እንቁላል እንኳ የማይሰብር።

እናቴ ይህን ለአያቴ ስትነግራት እዚያው ነበርኩ።

"ይቅርብኝ፣ እማማ። አሞኛል እላለሁ።"

"ካልተወዳደርሽ ለምን ብለው ይጠይቃሉ። ከጠየቁ ያውቃሉ።"

"በምን ልሠራው? በምን?"

"በእኔ" አለች አያቴ።

እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። እኔ ሳቋን የንቀት፣ ልቅሶዋን የምሬት አድርጌ መዘገብኩት። ማንም ሰው በእኔ ቦታ ቢሆን እንደዚያው ነበር የሚያደርገው፤ ቢያንስ ስምንት ዓመቱ ከሆነ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቤታችን ዳቦ ቤት ይሆናል። እናቴ እርሾውን በሞቀ ወተት ትበጠብጣለች፤ የወተቱን ሙቀት በክንዷ ታየዋለች። ዘቢቡን በብርቱካን ጭማቂ ትዘፈዝፈዋለች። ዱቄቱን ትነፋለች፣ ቅቤና እንቁላል ትጨምራለች፣ ከዚያ ማሸት ትጀምራለች። ስታሽ ማየት እወድ ነበር። ሊጡ መጀመሪያ እጇ ላይ ይጣበቃል፣ ይለግማል፤ ትንሽ ቆይቶ ይለሰልስና እንደ ሕፃን ጉንጭ ይሆናል። ይህን የምትሠራው በእጇ ስለነበር ማንንም አትጠይቅም። ቅመሙ ላይ ስትደርስ ግን ቀና ብላ ወደ በሩ ታያለች።

"ቀረፋው ጮኸ!" ይላል በሩ። "ቅርንፉዱ ሌላውን አላስወራ አለ፣ ቀንሺለት! ሄሉ የት ሄደ? ብርቱካኑ መስመር ላይ የለም! ብርቱካን! ብርቱካን!"

እናቴ የብርቱካን ልጣጭ ፈቅፍቃ ትጨምራለች። አንድ ጊዜ ትሪ ሙሉ ዳቦ ከምድጃው ወጥቶ፣ ቅቡ ተቀብቶ፣ እንደ መስታወት እያብረቀረቀ ተቀምጦ፣ አያቴ አንዱን ቆርሳ አኘከችና፣ "ቆንጆ ነው። ሬሳም ሲገንዙት ቆንጆ ነው" አለች። እናቴ ሽርጧን አጠበቀችና ዱቄት መንፋት ጀመረች። እኔ በዚያን ዕለት አያቴን ከጸሎቴ ዝርዝር ሰረዝኳት።

የወደቁት ዳቦዎች የአባቴ ዕጣ ነበሩ። ስኳር የተረሳበትንም፣ ቅርንፉድ የበዛበትንም፣ ሥሩ ያረረውንም በእኩል ፍቅር ይበላል። "ግሩም ነው!" ይላል። ከዚያ ሊጥ ለምን እንደሚነፋ ያስረዳናል። ዕድሜዋን ከእርሾ ጋር ለጨረሰች ሴት ስለ እርሾ ሲያስረዳ ጣቱን ያነሳ ነበር። አንድ ቀን ግን ድንገት ዞሮ፣

"እማዬ፣ ምነው ሰሞኑን ማድ ቤቱን አልለቅ አልሽ?" አላት።

"ልጅህን ላሳድግ ነው" አለችው፣ ወደ እኔ እያየች።

ማሳደግ ያለችው ማሠቃየትን ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓደኞቼ ገመድ ሲዘሉ እኔን ትጠራኛለች። ዓይኔን በሻሿ ታስራለች። ከዚያ አፍንጫዬ ሥር ሲኒ ታደርጋለች።

"ምንድን ነው?"

"ቀረፋ።"

"የነቃ ነው የተኛ?"

"ቀረፋ ይተኛል እንዴ?"

"ሲያረጅ ይተኛል፣ እንደ ሰው። አሽቺ፣ አትመልሺልኝ!"

ካልመለስኩ ደጅ መውጣት የለም። ከመለስኩ ሌላ ሲኒ ይመጣል። የቆየ ቅቤና አዲስ ቅቤ። በአንድ ላይ የተደባለቁ ሄልና ቅርንፉድ፤ "የቱ ነው የበዛው?" በጣም የምጠላው ግን ስኳሩ ነበር። በትንሽ ብረት ድስት ስኳር ታቀልጥና ከጣፋጭነት ወደ መራራነት የሚዞርበትን ደቂቃ በሽታው ብቻ እንድነግራት ታደርጋለች። ብዘገይ "አረረ!" ብላ ትጮሃለች፣ ብፈጥን "ገና ነው!" ብላ ትጮሃለች። ሌላው ልጅ ሲያጠፋ በኩርኩም ተመትቶ ይገላገላል። እኔ ምንም ሳላጠፋ በቅመም ነበር የምቀጣው።

አንድ ቀን ለእናቴ ከሰስኩ።

"እማዬ፣ እማማ ታሠቃየኛለች።"

እናቴ ፊቷን ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዞረች። "ታገሻት" አለች። "ለእኔ ስትዪ ታገሻት።"

እሷም ትፈራታለች ማለት ነው። ብቻዬን ቀረሁ።

ፈተናው ቅዳሜ ከሰዓት ሊሆን፣ ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ወንበሩ ባዶ ነው። አያቴ ክፍሏ ውስጥ ተኝታለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ አፍንጫዋ ይፈስሳል፣ ያ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ ጉሮሮዋ ውስጥ የሚንፏቀቅ ነገር ብቻ ቀርቷል። ጉንፋን ይዟታል።

ደስታዬ ወሰን አጣ። ጠላት በራሱ ጊዜ ወደቀ። ቁርሴን ደግሜ በላሁ። እናቴ ግን ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፣ ከንፈሯ ነጥቷል። ነጻ የወጣ ሰው እንዲህ ይደነግጣል ብዬ አለፍኩት።

አያቴ በእጇ ጠራችኝ። አልጋዋ ዳር ተቀመጥኩ።

"ዛሬ እንግዳዋ ስትመጣ ከማድ ቤት እንዳትወጪ። ምድጃው አጠገብ ተቀመጪ። ዳቦው ሲጋገር፣ የስኳሩ ሽታ ሊዞር ሲል፣ ገና ሲያስብ፣ 'እማዬ ውሃ ጠማኝ' በዪ። ሌላ ቃል እንዳይወጣሽ። ውሃ ጠማኝ ብቻ። ገባሽ?"

"ለምን?"

"ስላልኩሽ።"

ገባኝ እንጂ! አልጋ ላይ ሆናም ሥራዋን አልተወችም። እትዬ ቅምሻን በሚያህል እንግዳ ፊት አፌን ከፍቼ ውሃ ውሃ እንድል፣ እናቴ ልጅ ማሳደግ አታውቅም እንዲባል ነው። በውስጤ፣ ጥም ቢገድለኝ አልልም ብዬ ማልኩ።

እትዬ ቅምሻ መጡ። ሰፊ ሴት ናቸው፤ ከእሳቸው በፊት ሽቷቸው ገባ። ማድ ቤቱን በዓይናቸው ቀመሱት። አባቴ ስለ ሙቀትና ስለ ብረት ባሕርይ ሊያስረዳቸው ሲጀምር፣ "እርስዎ ሳሎን ይጠብቁን" ብለው ሸኙት። ከቦርሳቸው ሁለት የወረቀት ጥቅል አወጡና ጠረጴዛው ላይ ፈቱ። ሁለት ክምር ቡናማ ዱቄት፣ መልካቸው አንድ።

"ሁለቱም ቀረፋ ነው" አሉ። "አንዱ ከሰሞኑ የተፈጨ ነው። አንዱ ሰውዬው ጥሎት የሄደ፣ የሞተ። አንቺ በየትኛው ነው የምትጋግሪው?"

እናቴ ጎንበስ ብላ አንዱን አሸተተች። ሌላውን አሸተተች። ጀርባዋን አይ ነበር፤ የቀሚሷ ጀርባ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያን ጊዜ፣ ዕድሉን በአንድ ግምት ላይ የጣለ ሰው እንደዚህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፤ በርዷት ነው አልኩ። ቀና ስትል ፈገግ ብላለች።

"እትዬ፣ ይህንንማ ልጄም ታውቀዋለች" አለች። "ነይ እስኪ፣ የኔ ቆንጆ። ለእትዬ ንገሪያቸው።"

ለእንግዳ ግጥም በሉ ተብለው የሚቆሙ ልጆች አሉ። እኔ ተራዬ ደረሰ። ደረቴን ነፍቼ ቀረብኩ፣ ዓይኔን እንደለመድኩት ጨፈንኩ፣ አንዱን ማግሁ፣ ሌላውን ማግሁ።

"ይኼ ተኝቷል። ይኼ ነቅቷል።"

እትዬ ቅምሻ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ተኝቷል! ማን አስተማራት?"

"ቤት ውስጥ የለመደችው ነው" አለች እናቴ፣ የነቃውን ቀረፋ ወደ ራሷ እየሳበች። ድምፅዋ ወፍሮ ነበር። በእኔ ኮርታ ነው ብዬ እኔም ኮራሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እጇ ያውቀው ነበር። ቅዳሜ በቅዳሜ አያቴ በጩኸት የመጠነችውን ማንኪያ በማንኪያ ይዛዋለች። ሊጡ ተነሳ፣ ድቡልቡል ሆኖ ትሪው ላይ ተደረደረ፣ ምድጃው ውስጥ ገባ። ቅቡንም ሠርታ አስቀመጠች። እትዬ ቅምሻ ወንበር ስበው ወሬ ጀመሩ። ስለ ከሃዲው አወሩ፤ ስለ ረጅሙ ሰውዬ አወሩ፤ እሱ ያንን ቀረፋ ሁለቱንም ቀላቅሎ "ውጭ አገር እንዲህ ነው" እንዳላቸው አወሩ። እናቴ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ፣ "እህ፣ እህ" እያለች ታዳምጣለች። ሰዓት ማየት ብትፈልግም ሰዓቱ ሳሎን ነው። የምድጃችን በር ደግሞ መስታወት የለውም።

ቤቱ ሸተተ። መጀመሪያ ቅቤው፣ ከዚያ ቀረፋው፣ ከዚያ ሁሉም ተቃቅፈው። ከዚያ በታች በኩል፣ ዘቢቡ ትሪውን ከነካበት፣ አንድ ቀጭን ነገር መጣ። ገና አላረረም። እያሰበ ነው።

አፌን ገጠምኩ። አልልም ብያለሁ፣ አልልም።

ድንገት እትዬ ቅምሻን አየኋቸው። ወሬያቸውን እንደቀጠሉ ናቸው፣ አፍንጫቸው ግን ተነፍቷል። ሸቷቸዋል! ሸቷቸው ዝም ብለዋል። ዓይናቸው እናቴ ፊት ላይ ተተክሏል፤ እያወሩ ይጠብቃሉ። እናቴ "እህ" ትላለች። በከንፈራቸው ዳር ትንሽ ፈገግታ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ አስተማሪያችን፣ መልሱን የማያውቅ ልጅ እጁን ሲያወጣ፣ ልክ እንዲህ ነበር ፈገግ የምትለው።

ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ብቻ እናቴ ልትወድቅ መሆኑን አወቅሁ።

"እማዬ ውሃ ጠማኝ!" ብዬ ጮህኩ።

እናቴ ደንግጣ ዞረች። ወደ ቧንቧው ሳይሆን ወደ ምድጃው ነበር የሄደችው። በሩን ከፍታ ትሪውን ስታወጣ ከውስጥ ክፍል፣ ሞተ ያልነው ድምፅ ከየት እንደመጣ እንጃ፣

"ለልጅቷ ውሃ ስጧት!" ሲል ተሰማ።

ዳቦው ወርቅ መስሎ ወጣ። ሥሩ ከዚያ በላይ አንድ ደቂቃ አይታገሥም ነበር። እናቴ ትኩሱ ላይ ቅቡን ስትቀባው ብርቱካኑ ከእንፋሎቱ ጋር ተነሳ። እትዬ ቅምሻ አንዱን ቆረሱ። አኘኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለተኛውን ሲያነሱ አባቴ በበሩ ብቅ ብሎ፣ "ሙቀት እንግዲህ ወደ ላይ ስለሚወጣ..." አለ። ማንም አልሰማውም።

"ሰኞ የዋና ጋጋሪውን ሽርጥ ትለብሻለሽ" አሏት እናቴን። ቦርሳቸውን አንስተው በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩና ረጅም ጊዜ አዩኝ።

"ይቺ ልጅ ሁልጊዜ ውሃ ይጠማታል?"

እናቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ኬክ ቤት ትምጣ። እዚያ ውሃ ሞልቷል።"

እኔ ይህን ከእንግዳ ፊት ውሃ ለጠየቀ ባለጌ ልጅ የተደረገ ምሕረት አድርጌ ወሰድኩት። እናም ዓመታት ሙሉ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ ኬክ ቤት ገብቼ፣ በምድጃዎቹ መካከል የቤት ሥራዬን እየሠራሁ፣ እናቴ "እስኪ ይህን አሽቺው" ስትለኝ እያሸተትኩ አደግሁ። እንደዚያ የሚደረግልኝ ብርቅ ተሰጥኦ ስላለኝ ይመስለኝ ነበር። ለጓደኞቼም በይፋ ተናግሬያለሁ። እትዬ ቅምሻ የቀጠሩት እናቴን ከነአፍንጫዋ መሆኑን፣ አፍንጫዋ ደግሞ ቦርሳ አንግቶ ከትምህርት ቤት እንደሚመጣ፣ ማንም አልነገረኝም። እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ ሳይሉ ሞቱ።

አያቴን ግን አልታረቅኋትም። ጉንፋኗ ሲለቃት ወንበሯ ላይ ተመለሰች፣ ሲኒዎቹም ተመለሱ። እያደግሁ ስሄድ ጥላቻዬ ሥርዓት ያዘ፤ ሰላም እላታለሁ፣ ምግብ አቀርብላታለሁ፣ ከዚያ እወጣለሁ። ለእናቴ ወገን መቆም ማለት እንዲህ ነው ብዬ አምን ነበር። አያቴም አንድ ቀን እንኳ ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።

ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ እናቴ ሳምንት ሙሉ ሻንጣዬን አሰናዳች፣ ፈታች፣ እንደገና አሰናዳች። በመጨረሻ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ። ሲሊንደሩን፣ ጉንፋኑን፣ ሽንኩርቱን። አፍንጫዋ ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አያውቅም።

"ታዲያ እኔ ስሄድ ምን ልትሆኚ ነው?"

"አታስቢ። አሁን እኔ አለቃ ነኝ። አለቃ ሠራተኛዋን 'እስኪ አሽቺው' ስትል መፈተን ይባላል። ሁለት ልጆች ፈትኛለሁ፣ ጎበዞች ናቸው።"

ለአባቴ ነግራው እንደሆነ ጠየቅኋት። ያልነገረችው ለምን እንደሆነ ለማስረዳት አልደከመችም። እሱ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ይህን ካላነበበ በቀር። ካነበበም ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቄ ነበር ይላል።

ወደ አያቴ ክፍል ሄድኩ። ያን ጊዜ አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል። በእግሬ ኮቴ አወቀችኝ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ምኑን?" አለች። ስንቱ ሰው ሲፋቀር፣ ሲጣላ፣ ሲሞት በጆሮዋ አልፎ አንዱንም ወደ ቤት ይዛ ያልገባች ሴት ናት።

"እማማ፣ እማዬ ነግራኛለች።"

"ስምንት ዓመትሽ ነበራ። ምስጢር ብታውቂ ፊትሽ ላይ ይጻፋል፤ የወጣሽው አባትሽን ነው።"

"እስከ ዛሬ ጠልቼሽ ኖርኩ እኮ!"

"አውቃለሁ። ደህና አድርገሽ ነው የጠላሽኝ። ብትወጂኝ ያን ዕለት ወደ እኔ በር እያየሽ ትስቂ ነበር፣ ሴትዮዋም ከመጀመሪያው ትነቃብን ነበር።"

"አልከፋሽም?"

ስትመልስ ድምፅዋ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው የሚሆን ነበር።

"ከፋኝ እንጂ። ግን የእናትሽ እንጀራ ነው፤ የእኔ መከፋት ማንን ያበላል?"

አልጋዋ ዳር ቁጭ ብዬ እጇን ያዝኩና አለቀስኩ። እንደ ልጅ፣ እየተንሰቀሰቅሁ፣ ንፍጤ እየወረደ። ትንሽ ታገሠችኝ። ከዚያ እጇን ከእጄ አውጥታ፣ መሐረቧን ከትራሷ ሥር ፈልጋ ፊቴ ላይ ወረወረችልኝ።

"በቃ አሁን፣ በቃ! አፍንጫሽ ይዘጋል" አለች። "እናትሽ ምድጃ ላይ ነገር ጥዳለች።"